ኒውስሌተር በራሱ ድረ-ገጽን በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ አያደርግም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ላይ የወጣውን፣ ድርጅቶች በየጊዜው ለተመዝጋቢዎቻቸው የኢሜይል ኒውስሌተር ቢልኩ ድረ-ገጻቸው በጎግልና በመሰል የፍለጋ ሞተሮች ላይ ከፍ ብሎ እንደሚታይ የሚመክረውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ድርጅቶች የሚያውቁትን ነገር አዘውትረው እንዲጽፉ ማበረታታቱ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ኒውስሌተር ከፍለጋ ውጤት ጋር የሚገናኝበትን መንገድ ሲያስረዳ መሠረታዊ ስሕተት ይዟል። ምክሩን እንዳለ የተቀበለ ሰው ለወራት ደክሞ የጠበቀውን ውጤት ሊያጣ ስለሚችል፣ ስሕተቱ በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘሁትም። የድረ-ገጽ ይዘት በማዘጋጀትና በማረም ሥራ ላይ የተሰማራሁ እንደመሆኔ፣ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ለማስረዳት ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ አንድ ኒውስሌተር ለብዙ ሺህ ሰዎች ሲላክ በውስጡ ያሉት ማስፈንጠሪያዎችም በብዙ ሺህ ቦታ ስለሚገኙ፣ የፍለጋ ሞተሩ ይህን ለድረ-ገጹ እንደተሰጠ ድጋፍ ይቆጥረዋል የሚል ነው። ይህ ትክክል አይደለም። የፍለጋ ሞተር ማየት የሚችለው ለሁሉም ክፍት ሆኖ በድር ላይ የተቀመጠን ገጽ ነው። ገጾችን የሚያስሰው ፕሮግራም ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በማስፈንጠሪያ እየተመራ ይሄዳል፣ ወይም የድረ-ገጹ ባለቤት ካዘጋጀለት የአድራሻ ዝርዝር፣ ሳይትማፕ ከሚባለው ፋይል፣ አድራሻዎችን ይወስዳል፤ ያገኘውን ያነብባል፤ ይጠቅማል ያለውን በማውጫው ውስጥ ያስገባል። የሰዎች የኢሜይል ሳጥን ግን በይለፍ ቃል የተዘጋ የግል ቦታ በመሆኑ አሳሹ ፕሮግራም አይደርስበትም። ስለዚህ አንድ ማስፈንጠሪያ በአንድ ኢሜይል ውስጥም ይኑር በመቶ ሺህ ኢሜይሎች ውስጥ፣ ለፍለጋ ሞተሩ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱንም አላያቸውም።

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ ይዘውት የተነሡት ፔጅራንክ የተባለ ስልት፣ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ማስፈንጠሪያ ሲያስቀምጥ ምስክርነት እንደሰጠ የሚቆጠርበት፣ የምስክርነቱም ክብደት በመስካሪው ገጽ ተሰሚነት የሚለካበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልቱ በእጅጉ ተለውጦ ብዙ ሌሎች መመዘኛዎች ቢጨመሩበትም፣ መነሻ ሐሳቡ አሁንም አለ። ቁም ነገሩ ምስክርነቱ ከሌላ ሰው የመጣ መሆኑ ላይ ነው። ኒውስሌተር ደግሞ ላኪው ስለራሱ የሚናገርበት ጽሑፍ ነው፤ አሳሹ ፕሮግራም የኢሜይል ሳጥኖችን ከፍቶ ማየት ቢችል እንኳ፣ ራሱን ላወደሰ ሰው ብዙ ቅጂ ስለላከ ብቻ ብዙ ምስክር አገኘ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ስለሚመስል በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ኒውስሌተሩን ያነበቡ ሰዎች ወደ ድረ-ገጹ በብዛት ስለሚገቡ የጎብኚው ቁጥር መጨመር ደረጃውን ያሻሽላል ይላል። ጎግል፣ የድረ-ገጽ ባለቤቶች ጎብኚዎቻቸውን የሚከታተሉበትን አናሊቲክስ የተባለ አገልግሎት መረጃ ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በተደጋጋሚ ገልጿል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በኩባንያው ላይ በተካሄደው የፀረ-ሞኖፖሊ ክርክር፣ ናቭቡስት የሚባል የውስጥ ሥርዓት የሰዎችን ጠቅታ ከግምት እንደሚያስገባ በምስክርነት ተሰምቷል፤ የዓምዱ ጸሐፊ ምናልባት ይህን ሰምተው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እዚያ የተነገረው በፍለጋ ውጤቶች ዝርዝር ላይ ስለሚደረግ ጠቅታ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ጥያቄውን ከጻፈ በኋላ ከቀረቡለት ገጾች የትኛውን እንደመረጠና በመረጠው ረክቶ እንደሆነ ከሚያሳይ ምልክት ጋር የተያያዘ ነው። ከኢሜይሉ በቀጥታ ወደ ገጹ የገባ ሰው በዚያ ዝርዝር በኩል አላለፈም።

ታዲያ ኒውስሌተርና የፍለጋ ውጤት ፈጽሞ አይገናኙም ማለት ነውን? ይገናኛሉ፤ የሚገናኙት ግን በሰዎች በኩል ነው። ከተመዝጋቢዎቹ መካከል የራሳቸው ድረ-ገጽ ያላቸው፣ የሚያስተምሩ፣ የሚመራመሩ ወይም ለመገናኛ ብዙኃን የሚጽፉ ሰዎች ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች በኒውስሌተሩ በኩል ያገኙትን ጠቃሚ ገጽ በራሳቸው ይፋዊ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቅሱት፣ ያ ማስፈንጠሪያ አሳሹ ፕሮግራም የሚያየውና የሚመዝነው እውነተኛ ምስክርነት ይሆናል። እንዲሁም አንድን ድርጅት በደብዳቤዎቹ የለመደ ሰው ሌላ ጊዜ ጥያቄ ሲገጥመው የድርጅቱን ስም ጨምሮ ይፈልጋል። እነዚህ ሁለቱ መንገዶች አዝጋሚ ናቸው፤ ላኪውም ሊያዝዛቸው አይችልም። ሦስተኛውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ግንኙነት በላኪው እጅ ያለ ሲሆን፣ የዓምዱ ጽሑፍ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነክቶት አልፏል፤ እርሱም ለኒውስሌተሩ የተጻፈው ጽሑፍ በድረ-ገጹም ላይ ቋሚ ቦታ ማግኘት አለበት የሚለው ነው።

ለምሳሌ የመስማት ችግር ላለባቸው ሰዎች የሚሠራን አንድ ማኅበር እንውሰድ። ማኅበሩ በየወሩ ለአባላቱ ኒውስሌተር ይልካል እንበል። በአንዱ እትም ላይ አንድ ባለሙያ የመስሚያ መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ ለምን እንደሚያፏጭ ያብራራል፦ ከመሣሪያው የወጣው ድምፅ በመሣሪያውና በጆሮው መካከል ባለ ክፍተት አፈትልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመለስ እንደገና ስለሚጎላ ነው፤ መሣሪያው በጆሮ ውስጥ በሚገባ ካልተቀመጠ ወይም ጆሮው በኩክ ከተደፈነ ችግሩ ይብሳል። አጭር፣ ትክክለኛና ከልምድ የመነጨ ማብራሪያ ነው። አባላቱ በደረሳቸው ቀን ያነብቡታል፤ በሳምንቱ በሌሎች መልእክቶች ተሸፍኖ ከዓይን ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚያፏጭበት፣ የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሌላ ሰው ያንኑ ጥያቄ በስልኩ ጽፎ ሲፈልግ መልሱን ከማኅበሩ አያገኝም፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው በተዘጉ የኢሜይል ሳጥኖች ውስጥ ብቻ ነው። ማኅበሩ ለዓመታት ሲጽፍ የኖረ ቢሆንም፣ ለፍለጋ ሞተሩ አንድም ቃል እንዳልጻፈ ይቆጠራል። ብዙ ድርጅቶች «ለድረ-ገጻችን የሚሆን ይዘት የለንም» ሲሉ የምሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የላኳቸውን የቆዩ እትሞች እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው ለብዙ ገጾች የሚበቃ ጽሑፍ ሳይጠቀሙበት ተቀምጦ ይገኛል።

ሆኖም የተላከውን ኢሜይል እንዳለ ገልብጦ በድረ-ገጹ ላይ መለጠፍ ሥራውን አይጨርስም። መጀመሪያ የሚነሣው ጉዳይ ርእስ ነው። የኢሜይል ርእስ የተሠራው ላኪውን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ «የዚህ ወር ዜናዎቻችን» ወይም «ይህን ሳያነቡ እንዳያልፉ» የሚል ርእስ፣ አድናቂው ባልሆንም፣ በኢሜይል ሳጥን ውስጥ ሊሠራ ይችላል። የሚፈልግ ሰው ግን ማኅበሩን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ችግሩን ነው። እርሱ የሚጽፈው «የመስሚያ መሣሪያ ለምን ያፏጫል» ብሎ ነው። የገጹ ርእስም፣ በፍለጋ ውጤቱ ላይ የሚታየው የርእስ ጽሑፍም፣ ከተቻለ የገጹ አድራሻም ይህንኑ በግልጽ መናገር አለባቸው። በኢሜይሉ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረው ሰላምታ፣ የወሩ መልካም ምኞትና «ባለፈው እንደነገርናችሁ» የሚለው መንደርደሪያ ለገጹ አይሆኑም፤ ባለፈው የተነገረውን የማያውቅ ሰው ነውና የሚያነብበው። መልሱ ከመጀመሪያው አንቀጽ መጀመር ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአከፋፈል ጉዳይ ነው። አንድ የኒውስሌተር እትም ብዙውን ጊዜ አራት አምስት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል፤ አንድ ማብራሪያ፣ የአንድ ስብሰባ ማስታወቂያ፣ ስለ አንድ አባል የተጻፈ አጭር ታሪክ፣ የምስጋና መልእክት። ይህ ሁሉ «እትም ቁጥር እንዲህ» በሚል አንድ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ ገጹ ስለምን እንደሆነ ለሰውም ለፍለጋ ሞተሩም ግልጽ አይሆንም፤ ስለ ሁሉም ጥቂት ስለሚናገር ለየትኛውም ጥያቄ የተሻለ መልስ ሆኖ አይቀርብም። ስለዚህ ጊዜ የማያልፍበትን ከጊዜያዊው መለየት፣ ጊዜ የማያልፍበትን ለየራሱ ገጽ መስጠት፣ ተዛማጅ ገጾችንም በማስፈንጠሪያ እርስ በርስ ማያያዝ ያስፈልጋል። ስለ ማፏጨት የሚናገረው ገጽ መሣሪያው እንዴት እንደሚጸዳ ወደሚያስረዳው ገጽ ቢመራ አንባቢው ይጠቀማል፤ አሳሹ ፕሮግራምም አዲሱን ገጽ የሚያገኝበት መንገድ ይኖረዋል። ያለፈው ስብሰባ ማስታወቂያ በኢሜይሉ ውስጥ ቢቀር ማንም አይጎዳም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ መጨመር ተገቢ ነው። ጽሑፍን ወደ ብዙ ገጾች መክፈል ይጠቅማል ሲባል፣ አንዳንዶች እያንዳንዱን አንቀጽ ገጽ ማድረግና ሰዎች በፍለጋ የሚጽፏቸውን ቁልፍ ቃላት በየዓረፍተ ነገሩ መደርደር ይጀምራሉ። ጎግል እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ፓንዳ በሚል ስም የሚታወቀውን ለውጥ ያደረገው ፍሬ የሌላቸውን፣ ለፍለጋ ሲባል ብቻ በገፍ የሚመረቱ ገጾችን ዝቅ ለማድረግ ነበር። በነሐሴ 2022 ለሰው ሳይሆን ለፍለጋ ሞተር የተጻፈ ይዘትን የሚለይ ሥርዓት አስተዋወቀ፤ በመጋቢት 2024 ደግሞ ይህን ሥርዓት ከዋናው የደረጃ አሰጣጥ ጋር አዋሕዶ፣ በሰውም ይሁን በማሽን በብዛት የሚመረት ዋጋ ቢስ ይዘትን የሚከለክል ደንብ ጨመረ። በገጹ ኮድ ውስጥ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር የሚሞላበትን ቦታ በተመለከተም፣ ኩባንያው ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ይሁንና ይህን ዝርዝር መሙላት ዛሬም እንደ ልዩ ጥበብ ሲሸጥ ይታያል። ጥሩ ኒውስሌተር ከእነዚህ አደጋዎች በተፈጥሮው የራቀ ነው፤ የተጻፈው መልስ ሊሰጡና ቅር ሊሰኙ ለሚችሉ እውነተኛ ሰዎች ስለሆነ ዝባዝንኬ ለማብዛት አይመችም። ጎግል የፍለጋ ውጤቶችን ጥራት እንዲገመግሙ ለሚያሠማራቸው ሰዎች ያዘጋጀው መመሪያም ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ከዕውቀት፣ ከተሰሚነትና ከታማኝነት በተጨማሪ ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ ያለውን የራሱን ልምድ እንዲመለከቱ ይጠይቃል። የገምጋሚዎቹ ነጥብ የአንድን ገጽ ደረጃ በቀጥታ አይለውጥም፤ የፍለጋ ሞተሩ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ግን ያመለክታል። በኢሜይሉ ሥር የነበረው የባለሙያው ስምና ሙያ በገጹ ላይም መስፈር የሚኖርበት ስለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሙሉው ጽሑፍ በኢሜይሉ ይላክ ወይስ በገጹ ላይ ብቻ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ብዙዎች ሰውን ወደ ድረ-ገጹ ለማምጣት ሲሉ ሁለት መስመር ብቻ ልከው «ቀሪውን ለማንበብ ይህን ይጫኑ» ይላሉ። እኔ ይህን አሠራር አልደግፈውም። ከላይ እንደተባለው ከኢሜይል የሚመጣ ጎብኚ በራሱ ደረጃን አያሻሽልም፤ ስለዚህ አንባቢን ለማጉላላት ምክንያት አይሆንም። በሌላ በኩል ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ በላይ የሆነ መልእክት ሲገጥመው ጫፉን ቆርጦ ስለሚያሳይ፣ ረጅሙን ጽሑፍ ሁሉ መጫንም አይመከርም። የሚሻለው ዋናውን መልስ በኢሜይሉ ውስጥ በሙሉ መስጠት፣ ሥዕሎቹን፣ ተጨማሪ ማብራሪያውንና ወደፊት የሚታረመውን ክፍል በገጹ ላይ ማስቀመጥ ነው። ገጹ ሊታረም መቻሉ ትልቅ ብልጫው ነው፤ የተላከ ኢሜይል ግን አይመለስም። ታዲያ እርማቱ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ነው ቀኑ መታደስ ያለበት፤ ይዘቱን ሳይነኩ አዲስ ለማስመሰል ቀን መቀየርን ጎግል ራሱ እንዳይደረግ ይመክራል።

ጽሑፉ በምስል መልክ መላኩ ደግሞ ሌላው የተለመደ ጉድለት ነው። አዘጋጆች ማስታወቂያውንም ማብራሪያውንም በአንድ የተዋበ ምስል ላይ ጽፈው ይልካሉ፤ ያንኑ ምስል በድረ-ገጹ ላይ ይሰቅሉታል። በምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቆጥሮ አይነበብም፤ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራምም አያገኘውም። ምስሉ ይኑር፤ ቃሉ ግን ከምስሉ ውጭ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ለምስሉም ምን እንደሚያሳይ የሚገልጽ አማራጭ ጽሑፍ ይሰጠው።

ኒውስሌተር የሚልኩ አገልግሎቶች አብዛኛዎቹ እያንዳንዱን እትም በራሳቸው አድራሻ ሥር እንደ ድረ-ገጽ ያሳያሉ፤ በኢሜይሉ አናት ላይ «በአሳሽ ለማየት» (ማለትም እኛ ድረ-ገጽ በምንከፍትበት ፕሮግራም) የሚለው ማስፈንጠሪያ ወደዚያ የሚወስድ ነው። የዓምዱ ጽሑፍ ይህ ገጽ ለድረ-ገጹ በቂ ማኅደር እንደሚሆን መክሯል። እኔ አልስማማም። ገጹ በሌላ ድርጅት ዶሜይን (የድረ-ገጽ ስም) ሥር ስለሚገኝ፣ ሰዎች ወደ እርሱ የሚያስቀምጡት ማስፈንጠሪያ የሚጠቅመው በቅድሚያ ያንን ዶሜይን ነው፤ አገልግሎቱን የቀየሩ ቀን ደግሞ አድራሻው ሊጠፋ ይችላል። ተመሳሳይ ጽሑፍ በሁለት አድራሻ ሲገኝ ብዙዎች እንደሚፈሩት ቅጣት አይከተልም፤ የፍለጋ ሞተሩ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ያሳያል እንጂ፤ የሚመርጠው ግን እርስዎ የሚፈልጉትን ላይሆን ይችላል። ጎግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 በጋራ ያስተዋወቁት ካኖኒካል የተባለ ምልክት ዋናው ገጽ የትኛው እንደሆነ ለማመልከት ይረዳል፤ የኢሜይል ዘመቻን ለመከታተል በአድራሻዎች ጫፍ ላይ የሚቀጠሉ መለያዎች የሚፈጥሩትን ድግግሞሽም ለማቃለል የሚያገለግለው ይኸው ምልክት ነው። አገልግሎቱ ምልክቱን ለማስገባት ካልፈቀደ፣ የአሳሽ ቅጂው በፍለጋ እንዳይወጣ ማድረግና በራስ ድረ-ገጽ ላይ ያለውን ብቻ መተው ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ለአንድ ተመዝጋቢ ተብሎ የተዘጋጀን ቅጂ ገልብጦ በይፋ መለጠፍ አይገባም፤ በውስጡ የሰውየው ስም፣ የኢሜይል አድራሻው ወይም ምዝገባውን የሚሰርዝበት የግል ማስፈንጠሪያ ሊኖር ይችላልና።

በኒውስሌተር ውስጥ የሚገኝ የተከፈለበት ማስታወቂያም ወደ ድር ሲሸጋገር ጠባዩን ይለውጣል፤ ይህን ያስተዋለ ጽሑፍ እምብዛም አላየሁም። በኢሜይል ውስጥ እያለ ለፍለጋ ሞተሩ የማይታየው የአስተዋዋቂው ማስፈንጠሪያ፣ እትሙ በማኅደር ገጽ ላይ በወጣ ቅጽበት በገንዘብ የተገዛ ምስክርነት ሆኖ ይገኛል። የጎግል ደንብ ደግሞ ለደረጃ ሲባል ማስፈንጠሪያ መሸጥና መግዛትን ይከለክላል። እንዲህ ያለው ማስፈንጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 በተጨመረው ስፖንሰርድ (የተከፈለበት) በሚለው የኮድ ምልክት፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባለው፣ ማስፈንጠሪያው እንደ ምስክርነት እንዳይቆጠር በሚያመለክተው ኖፎሎው መለየት አለበት። ወይም ማስታወቂያውን ከማኅደሩ ማውጣት ይቻላል፤ ይህም ከአስተዋዋቂው ጋር ቀድሞ በተደረገ ስምምነት ቢሆን ይመረጣል።

ተመዝጋቢ ማብዛት የሚፈልጉ ሰዎች በድረ-ገጻቸው ላይ የሚያደርጉትንም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ገና ገጹ ሲከፈት መላውን የስልክ ስክሪን የሚሸፍን «ይመዝገቡ» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል፤ መዝጊያውም በጣት ለመንካት የማይመች ትንሽ ምልክት ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ከፍለጋ ለመጣ የስልክ ተጠቃሚ ይዘቱን በዚህ መልኩ የሚከልሉ ገጾችን ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል አስታውቋል። በመሆኑም ኒውስሌተሩን ለማስተዋወቅ የተቀመጠው ሳጥን፣ ኒውስሌተሩ ይጠቅመዋል የተባለውን ድረ-ገጽ ይጎዳል ማለት ነው። የምዝገባው ቅጽ በጽሑፉ መጨረሻ ላይ፣ አንባቢው መልሱን ካገኘ በኋላ ቢቀመጥ ጨዋነትም ነው፤ መልሱ የጠቀመው ሰው ነው ሌላም ሊያነብብ የሚፈልገው።

የአድራሻ ዝርዝር ከሻጭ ስለመግዛት ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ መደረግ የለበትም። ካልጠየቀ ሰው ጋር የሚደረግ ግንኙነት ከላይ የተጠቀሱትን፣ በአንባቢዎች በኩል የሚያልፉትን ሁለት መንገዶች ይዘጋል። ጂሜይልና ያሁም ከየካቲት 2024 ጀምሮ በብዛት የሚልኩ ሰዎች ማንነታቸውን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ በተባሉት ማረጋገጫዎች እንዲያሳዩ፣ ምዝገባን በአንድ ጠቅታ መሰረዝ እንዲፈቅዱ፣ አይፈለጌ ተብሎ የሚሰጣቸው አቤቱታም ከ0.3 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃሉ፤ በጂሜይል በኩል በብዛት የሚልክ የሚባለው በቀን ወደ 5,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ በላይ መልእክት ለግል የጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ ነው።

የዓምዱ ጽሑፍ ፈጽሞ ያላነሣው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው የኒውስሌተር ጥቅም ለኢሜይሉ የሚሰጠው መልስ ነው። ሰዎች ለኒውስሌተር መልስ ሲጽፉ በራሳቸው ቃል ይጠይቃሉ። ባለሙያው «የድምፅ ተመላሽ ዑደት» የሚለውን ነገር እነርሱ «ያፏጫል» ወይም «ይጮህብኛል» ይሉታል። በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሚጻፈውም ይኸው የሰው ቃል ነው። አምስት ሰዎች አንድን ጥያቄ በአንድ ወር ውስጥ ከጠየቁ፣ ያንን ጥያቄ በፍለጋ የሚጽፉ ሌሎች ብዙዎች እንዳሉ መገመት ይቻላል፤ ርእሱም፣ ንዑስ ርእሶቹም፣ የአጻጻፉም ቅደም ተከተል ከዚያው ይገኛል። ለዚህ ነው ኒውስሌተርን «መልስ አይጻፍበት» ከሚል አድራሻ መላክ የማይገባው የምለው። አንዳንድ ድርጅቶች ሰዎች የሚፈልጉትን ቃል ለማወቅ ለመሣሪያዎች ብዙ ገንዘብ ሲከፍሉ፣ የገዛ አንባቢዎቻቸው በነጻ የሚልኩላቸውን ጥያቄ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ያከማቻሉ።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ጎግል በነጻ የሚያቀርበው ሰርች ኮንሶል የተባለ አገልግሎት ነው። ገጹ በየትኛው የፍለጋ ቃል እንደታየ፣ ስንት ጊዜ በውጤቶች ላይ እንደቀረበና ስንት ጊዜ ተጭነው እንደከፈቱት እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ያሳያል። አንድ ገጽ በአንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ ብቻ ከተከፈተ፣ ርእሱ ጥያቄውን አልመለሰም ወይም ገጹ ከታች ተሰልፏል ማለት ነው፤ በሁለቱም መንገድ ለሚቀጥለው ኒውስሌተር ርእሰ ጉዳይ ተገኘ። ኢሜይሉን ስንት ሰው ከፈተው የሚለውን ቁጥር ግን በጥርጣሬ ማየት ያስፈልጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ባስጀመረው የግላዊነት ጥበቃ፣ የኢሜይል ፕሮግራሙ ሰውየው መልእክቱን ሳይከፍተውም ምስሎችን (መከፈቱ የሚቆጠረው በእነርሱ መውረድ ነው) አስቀድሞ ስለሚያወርድ፣ ያልተነበበው እንደተነበበ ሆኖ ይመዘገባል። ከመክፈት ይልቅ መልስ መጻፍን፣ ማስፈንጠሪያ መጫንንና ለሌላ ሰው ማስተላለፍን መቁጠር ይሻላል። የፍለጋው ለውጥም በሳምንት የሚታይ አይደለም፤ አንድ ገጽ ቦታውን እስኪያገኝ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሥራውን በሁለት እትሞች ውጤት መዳኘት ፍትሐዊ አይሆንም።

ጎግል ከግንቦት 2024 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ቀጥሎም በብዙ ሌሎች አገሮች በፍለጋ ውጤቶች አናት ላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማጠቃለያ ማሳየት በመጀመሩ፣ ጠያቂው ወደ የትኛውም ገጽ ሳይገባ መልስ የሚያገኝበት አጋጣሚ ተፈጥሯል። ይህን በማየት ለድረ-ገጽ መጻፍ ከንቱ ሆኗል የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ ብዬ አልደመድምም፤ ማጠቃለያውም የሚዘጋጀው በይፋ ከወጡ ገጾች በመሆኑ፣ ያልወጣ ጽሑፍ በዚያም አይጠቀስም። የተመዝጋቢ ዝርዝር ግን በዚህ ሁኔታ ክብደቱ እንደጨመረ አምናለሁ፤ የፍለጋ ሞተሮች ደንባቸውን በለወጡ ቁጥር የሚናወጠው በፍለጋ የሚመጣው ጎብኚ ነው፤ በፈቃዱ የተመዘገበው አንባቢ ግን ያው በቦታው አለ።

ክቡር አዘጋጅ፣ የዓምዱ ጸሐፊ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በኢሜይል ውስጥ ያለ ማስፈንጠሪያ በፍለጋ ሞተር እንደማይቆጠር በግልጽ እንዲያርሙልን፣ ከዚያም የቆዩ እትሞችን ወደ ድረ-ገጽ የማሸጋገሩን ሥራ በተግባር እንዲያሳዩን እጠይቃለሁ። ብዙ እትም ያለው ድርጅት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማውጣት ከሚሞክር፣ ብዙ መልስ የተጻፈባቸውን ጥቂት ርእሶች መርጦ፣ መረጃቸው ዛሬም ትክክል መሆኑን በባለሙያ አስመርምሮ፣ በእነርሱ ቢጀምር ይበቃዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ